የሃይስ ሚኒባስ የመሃል ኩሽኔታና ክሮቼራ አለዋወጥ

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ፒያሳ የሚወጣ የሞላ ሚኒባስ ገና ሲንቀሳቀስ ከመሃል ወንበሮች ሥር «ጉርርር» እያለ ወለሉን ካንቀጠቀጠ፣ ሾፌሩ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፍሪሲዮኑን ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይቀየራል፣ መኪናው ከጋራዥ ይወጣል፤ ጉርርታው ግን እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከካምቢዮው ኋላ ነው፦ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ (ፕሮፔለር ሻፍቱን) መሃል ላይ የሚሸከመው ኩሽኔታ (ባለ ኳስ መሸከሚያ ቀለበት) ወይም እሱን ያቀፈው ጎሚኒ (የጎማ ትራስ)። ሥራው ከባድ አይደለም። መሣሪያ የተሟላላቸው ሁለት ሰዎች በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። የሚከብደው አዲሱን ዕቃ ሳይጎዱ መግጠምና አሮጌው ለምን እንደሞተ ማወቅ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተቀየረ ኩሽኔታ መተማ ደርሶ ሳይመለስ ሊጮህ ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ዘንጋቸው ሁለት ክፍል ለሆነ የኋላ ጎማ ገፊ ሃይሶች ነው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በጣም ስለሚራራቁ አንድ ረጅም ዘንግ በፍጥነት ሲሽከረከር መሃሉ እንደ ገመድ ይወዛወዛል። ስለዚህ ዘንጉ ለሁለት ተከፍሎ መገናኛው ላይ ኩሽኔታ ይደረግለታል። ኩሽኔታው በጎሚኒ ተከቦ፣ ጎሚኒው በቆርቆሮ መያዣ ታቅፎ፣ መያዣው በሁለት ብሎን ከሻንሲው አግዳሚ ጋር ይታሰራል። መታጠፊያዎቹ ሦስት ክሮቼራዎች (የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መገጣጠሚያዎች) ናቸው፦ አንዱ ካምቢዮው ጋ፣ አንዱ ከመሃል ኩሽኔታው ኋላ፣ አንዱ ዲፈረንሻሉ ጋ። ዲፈረንሻሉ 4.1 የሆነ (ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ የሚዞርበት)፣ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ የሆነ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይህ ዘንግ በደቂቃ 2,600 ገደማ ዙር ይዞራል። በዚህ ፍጥነት በዓይን የማይታይ ትንሽ ጥመት ተሳፋሪው እግር ሥር ይሰማል።

ድምፁን ለይቶ ማወቅ

መኪናው ከቆመበት ሲነሳ፣ በተለይ ተጭኖ ዳገት ላይ፣ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚንቀጠቀጥና ከዚያ በኋላ የሚረጋጋ ከሆነ ጎሚኒው ተቀዷል ወይም ረግቧል። የፍሪሲዮን መንቀጥቀጥ ከዚህ ይለያል፤ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ እንደተለቀቀ ያቆማል። የጎሚኒው ፔዳሉ ከተለቀቀም በኋላ ይቀጥላል።

ከመኪናው ፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ፣ ማርሽ ቢቀየርም የማይለወጥ እምምታ የኩሽኔታ ነው። ሜዳና ባዶ መንገድ ላይ በ60 እየሄዳችሁ ማርሹን ለአፍታ ዜሮ አድርጉት። የሞተሩ ድምፅ ወርዶ እምምታው ሳይጠፋ ከቀጠለ ከዘንጉ ወይም ከዚያ ኋላ ካለ ነገር ነው። ይህን ሙከራ ቁልቁለት ላይ በጭራሽ አታድርጉ። እምምታው መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን የመሃሉን ተውትና የጎማ ኩሽኔታዎቹን ፈትሹ።

ክሮቼራ ሁለት ዓይነት ጩኸት አለው። ግሪሱ ያለቀበት በዝግታ ሲሄድ እንደ ወፍ «ጪው ጪው» ይላል፤ ግድግዳ ባለበት ጠባብ መንገድ መስኮት ተከፍቶ ሲኬድ በደንብ ይሰማል። የተበላው ደግሞ ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲገባ ወይም ነዳጅ ተለቆ እንደገና ሲረገጥ «ጣ» ብሎ ይመታል። ዲፈረንሻልም ክፍተቱ ሲበዛ ይመታል፤ ስለዚህ መኪናው ሥር ገብቶ በእጅ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የሚያስፈልገው ዕቃና መሣሪያ

አንድ የመሃል ኩሽኔታ ከነጎሚኒውና ከነመያዣው፣ አንድ አዲስ ዳዶ ለመሃሉ ፍላንጅ (ዘንጎቹ በብሎን የሚገናኙበት ዝርግ ብረት)፣ እንደ ፍተሻው ውጤት ከ1 እስከ 3 ክሮቼራ ከነሴገሮቻቸው (ቦይ ውስጥ ገብተው ከመውጣት የሚያግዱ የብረት ቀለበቶች)። ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ የሚንሸራተት ጫፍ ካለው ግማሽ ሊትር ገደማ የካምቢዮ ዘይት ለመሙያ ያዙ። ሊትየም ግሪስ ቁጥር 2 አንድ ትንሽ ጣሳ ይበቃል። የሚቻል ከሆነ ያው ጫፍ የሚገባበትን የካምቢዮ ኋላ ዘይት መያዣ ጎማ ደርባችሁ ግዙ፤ ዘንጉ አንዴ ከወጣ እሱን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ኩሽኔታውን በመኪናው ሞዴል ስም ብቻ አትግዙ። ሃይስ በየዘመኑ የዘንጉን ውፍረትና የመያዣውን ብሎን ርቀት ለዋውጧል። አሮጌውን አውጥታችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ካልሆነም ሦስት ልኬት በካሊፐር ለክታችሁ ጻፉ፦ የውስጥ ቀለበቱን ቀዳዳ፣ የሁለቱን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት ከመሃል እስከ መሃል፣ ከመያዣው እግር እስከ ኩሽኔታው መሃል ያለውን ከፍታ። በተለይ ሦስተኛውን ሱቅ ውስጥ የሚለካው ሰው ጥቂት ነው። ከፍታው በጥቂት ሚሊ ሜትር የተለየ ዕቃ ያለችግር ይገጥማል፤ ብሎኑም ይገባል፤ መኪናው ግን ሲነሳ ይንቀጠቀጣል።

አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎች ስላሉ በእጃችሁ ፈትኑት። የውስጥ ቀለበቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ በግሪስ የተሞላ አዲስ ኩሽኔታ ከበድ ብሎ እኩል ይዞራል። እንደ ብስክሌት ጎማ ሸርተት ብሎ ብዙ ከዞረ ግሪሱ ትንሽ ነው። አልፎ አልፎ የሚያዝ ከሆነ መልሱት። ጎሚኒውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ሲለቀቅ መመለስ አለበት፤ ከብረቱ ጋር የተጣበቀበት ዙሪያ ላይም የተላቀቀ ጠርዝ ሊኖር አይገባም።

መሣሪያው ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያ፣ ታኮዎች፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፎች፣ ለመሃሉ ዳዶ የሚሆን ትልቅ ቡሶላ፣ ሞርሳ፣ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት እግር ፑለር፣ የሴገር ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ የመዳብ ወይም የነሐስ ቁራጭ፣ መሮ፣ የብረት ብሩሽና ቶርክ ሬንች ነው።

ቶርክ ሬንች ለሌለው መውጫ አለ። የቁልፉ ርዝመት ከዳዶው መሃል ተለክቶ ጫፉ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን ይሰካና ከቁልፉ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ይሳባል። በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ 25 ኪሎ ሲሳብ 74 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ 31 ኪሎ ሲሳብ 181 ገደማ ይደርሳል። «በደንብ አጥብቀው» ከሚባለው የእጅ ግምት በብዙ ይሻላል።

መኪናውን ማቆም

ጎንደር ላይ ሜዳ ቦታ መፈለግ ራሱ ሥራ ነው፤ ግን ፈልጉ። እዚህ ላይ ሰው የሚጎዳበት አንድ ነገር አለ። ብዙ ሾፌር መኪናውን የሚያቆመው በማርሽ ነው። ማርሽ መኪና የሚይዘው ግን በዚሁ ዘንግ አማካይነት ነው። ዘንጉ በተፈታበት ቅጽበት አንደኛ ማርሽ ውስጥ ያለው መኪና ምንም የሚይዘው የለም፤ እናንተ ደግሞ ሥሩ ናችሁ። የእጅ ፍሬኑ የኋላ ጎማዎችን በቀጥታ ስለሚይዝ እሱን እስከ መጨረሻው ሳቡ፤ በዚያም አትተማመኑ፤ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዙ። የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ መቆሚያዎቹን ከአክስሉ ሥር አስገቡ። ድንጋይ መደራረብ አይሠራም፤ ብሎኬት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

መፈተሽና ምልክት ማድረግ

ከመፍታት በፊት እያንዳንዱን ክሮቼራ ከግራና ከቀኝ በሁለት እጅ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ አዙሩ፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። በእጅ የሚታወቅ ክፍተት ካለ የሚቀየር ነው። የመሃሉን ኩሽኔታ ለመፈተሽ ዘንጉን ከመያዣው አጠገብ በአጭር የብረት ዘንግ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት። ጎሚኒው ትንሽ ተለጥጦ መመለስ አለበት። ዘንጉ ቆርቆሮውን እስኪነካ ከሄደ ወይም ጎሚኒው ላይ ስንጥቅ ከተከፈተ አልቋል።

አሁን የብረት ብሩሹን አንሱና አራት ቦታ እስኪያበራ ድረስ ጥረጉ፦ ዲፈረንሻሉ ላይ ፍላንጅ ከፍላንጅ የሚገናኝበትን፣ የመሃሉ ፍላንጅ ከኋላው ዘንግ የሚገናኝበትን፣ የመሃሉ ፍላንጅ ራሱ ከፊተኛው ዘንግ ጥርስ ጋር የተሰካበትን፣ ተንሸራታች ክፍል ካለም ሁለቱን ጎኖቹን። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁለቱንም ብረት የሚያቋርጥ ጭረት በመሮ ጫፍ አድርጉና በነጭ ቀለም ሙሉት። ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ ክፍሎቹ በናፍጣ ሲታጠቡ ይጠፋል።

ምልክቱ ለምን? ክሮቼራ በማዕዘን ሲሠራ ኃይሉን እኩል አያስተላልፍም። አንድ ጊዜ ሲዞር የሚነዳው ጎን ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ቀጣዩ ክሮቼራ ይህን የሚያጠፋው ሹካዎቹ (ክሮቼራውን የሚይዙት ባለ ሁለት ጆሮ የዘንግ ጫፎች) ፋብሪካው ባስቀመጣቸው መስመር ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ፍላንጁ በአንድ ጥርስ ተዛንፎ ከተሰካ መስመሩ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ምንም ዓይነት አዲስ ኩሽኔታ አያድነውም። «ኩሽኔታ ቀየርኩ፣ ባሰበት» የሚባለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ማውረድ

ከኋላ ጀምሩ። የዲፈረንሻሉን ፍላንጅ አራት ብሎኖች ፍቱ፤ የመጨረሻውን ስትፈቱ አንድ ሰው ዘንጉን ይያዝ። ዘንጉ ከመሃሉ ክሮቼራ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ ክብደቱ መታጠፊያውን ከልኩ በላይ አጥፎ ጤነኛውን ክሮቼራ ይጎዳል። በገመድ ወደ ሻንሲው እሰሩት ወይም ከመሃሉ ፍላንጅ ፈትታችሁ ለብቻው አውጡት።

ቀጥሎ የመሃሉን መያዣ ሁለት ብሎኖች ፍቱ። በመያዣውና በአግዳሚው መካከል የብረት ሮንዴላ ወይም ዝርግ ቁራጭ ካለ ስንት እንደሆነና በየትኛው ጎን እንደነበረ መዝግቡ፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የዘንጉን ማዕዘን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ወለል ላይ ወድቀው ተጠርገው የሚጣሉትም እነሱ ናቸው። የፊተኛውን ዘንግ ከካምቢዮው ስትስቡ ዘይት ይወርዳልና ቀዳዳውን በወፍራም ፌስታልና በላስቲክ ወዲያው እሰሩት። ጨርቅ አትጎስጉሱበት፤ ክሩ ውስጥ ይቀራል።

የመሃል ኩሽኔታውን መቀየር

ዘንጉን ሞርሳ ላይ ስታስሩ የሚያዘው ሹካው ነው እንጂ ቱቦው አይደለም። የቱቦው ግድግዳ ስስ ነው፤ በሞርሳ የተጨፈለቀ ቱቦ ሚዛኑን ያጣል። የዳዶው ከንፈር ዘንጉ ላይ ወዳለው ቦይ ተመትቶ የገባ ነው። መጀመሪያ በመሮ ቀና አድርጉት፤ ሳይቀና ከተፈታ የዘንጉን ጥርስ ይበላል። ፍላንጁን በረጅም ብረት ያዙና ዳዶውን አላሉ፤ ግን ጨርሳችሁ አታውጡት፤ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሱት። ፑለሩ ሲገፋ ወይም ማርቴሎ ሲያርፍ የዘንጉ ጫፍ እንዳያብጥ የሚጠብቀው እሱ ነው። ፍላንጁ ከወጣ በኋላ ኩሽኔታውን በፑለር አውጡ። የፑለሩ እግሮች የውስጥ ቀለበቱን መያዝ አለባቸው። ጎሚኒውን ከያዙ ተቀዶ በእጃችሁ ይቀራል፤ ቀለበቱም ዘንጉ ላይ ይቀራል።

አሁን ቆም በሉና ኩሽኔታው ተቀምጦበት የነበረውን የዘንጉን ክፍል በብርሃን እዩ። መላ ሥራው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ደብዘዝ ያለ ግራጫ፣ ለስላሳና እኩል ከሆነ ደህና ነው። የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያውን የተጫረ፣ ወይም በጥፍር ሲዳሰስ እንደ ደረጃ የሚያዝ ጠርዝ ካለው የውስጥ ቀለበቱ ከዘንጉ ጋር ሳይሆን ዘንጉ ላይ ሲዞር ነበር ማለት ነው። ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም ካለው በጣም ግሏል። አዲሱን ኩሽኔታ ያለ ማርቴሎ በእጃችሁ ብቻ ገፍታችሁ እስከ መጨረሻ ከገባና ከተላወሰ ዘንጉ ተበልቷል።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ጋራዥ ዘንጉን ዙሪያውን በፑንቶ (ጫፉ ሹል በሆነ መምቻ ብረት) ይመታና ብጉር እንዲያወጣ አድርጎ ኩሽኔታውን በኃይል ያስገባል። ይህን አሠራር አጥብቀን እንቃወማለን። ብጉሮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነጥቦች ናቸው፤ ጭነት ሲመጣ ይተኛሉ፤ ቀለበቱ ከመሃል ወጥቶ ይቀመጣል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም መዞር ይጀምራል። ሌላ ያተረፈው ነገር ቢኖር ዘንጉን ለቶርኖ ሥራም የማይመች ማድረጉ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ቦታው በብየዳ ተሞልቶ ከዘንጉ ማዕከል ጋር በቶርኖ እንዲስተካከል ማድረግ ወይም ጤነኛ ዘንግ መግዛት ነው። የቶርኖ ባለሙያው ዘንጉን በሁለቱም ጫፍ ማዕከል ይዞ እንዲሠራ ንገሩት፤ አዲሱን ኩሽኔታም ለልክ አብራችሁ ስጡት።

ዘንጉ ደህና ከሆነ በ400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ብቻ አንሱ፣ ጠርጉ፣ ስስ ዘይት ቀቡ። የአዲሱን ኩሽኔታ አቅጣጫ ከማስገባታችሁ በፊት አረጋግጡ። በእነዚህ የቶዮታ ዘንጎች ላይ ጎሚኒው የተቆረጠ ቦታ ካለው ወደ ኋላ ማየት አለበት። አሮጌውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብታወዳድሩት አትሳሳቱም።

ለማስገባት የውስጥ ቀለበቱን ብቻ የሚነካ፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የቧንቧ ቁራጭ ተጠቀሙ። የውጭውን ቀለበት ወይም ጎሚኒውን ከመታችሁ ምቱ የሚያልፈው በኳሶቹ በኩል ነው፤ እያንዳንዱ ኳስ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓዱ በዓይን አይታይም። ኩሽኔታው ግን ከመጀመሪያው ቀን እምም ይላል፤ ሰውም «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ይላል። እሳት አታሳዩት፤ ጎሚኒውም በውስጡ ያለው ግሪስም ይበላሻል።

ፍላንጁን በምልክቱ ላይ ሰክታችሁ ሮንዴላውን ግሪስ ቀብታችሁ አዲሱን ዳዶ ግጠሙ። የቶዮታ አሠራር ሦስት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ እስከ 181 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ይህ ኩሽኔታውን ገፍቶ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ዳዶው ይላላል። በመጨረሻ በ69 ኒውተን ሜትር እንደገና ይጠብቃል። የሞዴላችሁ ማኑዋል ሌላ ቁጥር ካዘዘ እሱን ተከተሉ። ኩሽኔታውን በእጅ አዙሩ፤ ሳይያዝ እኩል ከዞረ የዳዶውን ከንፈር በመሮ ወደ ቦዩ ምቱት። አሮጌ ዳዶ መልሶ መጠቀም ቁጠባ አይደለም፤ አንዴ የተመታ ከንፈር ሁለተኛ ጊዜ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ክሮቼራው

የክሮቼራው አራት ኩባያዎች (የመስቀሉን አራት ጫፎች የሚሸፍኑት) የተያዙት በሴገር ከሆነ ይቀየራል። ሴገር ከሌለውና የሹካው ጆሮ ኩባያው ላይ ተመትቶ የታጠፈ ከሆነ በጋራዥ ሞርሳ የሚሠራ አይደለም፤ ዘንጉን መቀየር ይሻላል።

አራቱን ሴገሮች አውጡ። በአንድ ጎን ከኩባያው ትንሽ ያነሰ ቡሶላ፣ በሌላው ጎን ኩባያው የሚገባበት ትልቅ ቡሶላ አድርጋችሁ በሞርሳ ጨፍልቁ፤ ኩባያው ወደ ትልቁ ቡሶላ ይወጣል። አዙራችሁ ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ የሹካውን ጆሮ ቀዳዳ እዩ፤ ክቡ ቀዳዳ ወደ እንቁላል ቅርጽ ከሄደ ወይም አዲሱ ኩባያ በእጅ ብቻ ከገባ ሹካው አልቋል።

አዲሱን ስትገጥሙ በየኩባያው ውስጥ ያሉትን መርፌዎች ተመልከቱ፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ ተጠግተው መቆም አለባቸው። ስስ ግሪስ ቀቡ፤ ኩባያውን በግሪስ አትሙሉት፣ አየር ይታፈንና ኩባያው ወደ ኋላ ይገፋል። መስቀሉን ወደ ኩባያው ከፍ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ በሞርሳ አስገቡ፤ እጃችሁም መስቀሉን ያለማቋረጥ ያወዛውዘው። መወዛወዙ ከቆመ አንድ መርፌ ወድቆ ከኩባያው ሥር ተኝቷል ማለት ነው። ወዲያው አቁሙ፣ አውጡ፣ አስተካክሉ። በኃይል የቀጠለ ሰው ሴገሩ ቦዩ ውስጥ እምቢ ሲለው ነው የሚያውቀው፤ ያኔ መርፌው ተሰብሯል፤ ኩባያውም ተሰንጥቆ ይሆናል።

በአንድ መስመር ላይ ያሉት ሁለት ሴገሮች ውፍረታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ መስቀሉ ከማዕከሉ ይወጣል። ወደ ጎን ያለው ክፍተት ከ0.05 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ በእጅ ሲገፋ ምንም የማይሰማ ማለት ነው። ተገጥሞ ሲታጠፍ በጣም ከጠጠረ የሹካውን ጆሮ ከጎን በማርቴሎ ቀለል አድርጋችሁ ምቱት፤ ኩባያው ወደ ሴገሩ ይመለስና ይለቃል። የግሪስ ጡት ያለው ከሆነ ጡቱ የግሪስ ፓምፑ በሚደርስበት በኩል ይሁን። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ማስገቢያ እንደሌለው ማወቅ ያናድዳል።

መመለስ

ከመመለሳችሁ በፊት የቱቦዎቹን ውጭ እጠቡ። ክረምት ላይ የተለጠፈ ጥቁር አፈር ደርቆ ቱቦው ላይ ሲቀር ራሱን የቻለ የሚዛን ችግር ነው። ፋብሪካው ለሚዛን የበየዳቸውን ትናንሽ ብረቶች ግን ቆሻሻ መስሏችሁ አትንኩ። ዘንጉን በሁለት ጫፉ አስቀምጣችሁ እያዞራችሁ መሃሉን በዳያል ጌጅ ለኩ፤ ጥመቱ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ ዘንጉ መቃናት አለበት።

ካምቢዮው ውስጥ የሚገባውን የዘንግ ጫፍ ዘይት ቀብታችሁ የዘይት መያዣውን ጎማ ሳትቀዱ አስገቡ። የመሃሉን መያዣ ብሎኖች በእጅ ብቻ አስገቡ፤ ሮንዴላዎቹ በነበሩበት ጎን ይመለሱ። ጭረቶቹን ገጥማችሁ የመሃሉንና የዲፈረንሻሉን ፍላንጆች በመስቀል ቅደም ተከተል እያፈራረቃችሁ በ74 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የመሃሉ መያዣ የሚጠብቀው ከሁሉም በኋላ ነው። መኪናው ባዶ ሆኖ መያዣው ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱን ከጎን አይታችሁ፣ ጎሚኒው ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳልተጎተተ አረጋግጣችሁ በ36 ኒውተን ሜትር አጥብቁት። መጀመሪያ ከጠበቀ ጎሚኒው ዕድሜውን ሁሉ ተጣሞ ይኖራል፤ ዕድሜውም አጭር ይሆናል። በመጨረሻ የወረደውን የካምቢዮ ዘይት ሙሉ፤ የመሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ድረስ።

ሙከራውና ሳይጠፋ የሚቀር መንቀጥቀጥ

ባዶውን በ20፣ በ40፣ በ60፣ በ80 እየያዛችሁ ሂዱ። ቆሙና ሞተር አጥፍታችሁ መያዣውን በእጅ ዳስሱ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያሳርፍ ከሆነ አንድ ነገር ተጣብቋል። ቀጥሎ ጭናችሁ ዳገት ላይ አስነሱት። 500 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ ዳግመኛ ፈትሹ።

ከ60 በላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ አሁንም ካለ መጀመሪያ ምልክቶቹን አረጋግጡ። ትክክል ከሆኑ የኋላውን ፍላንጅ ዲፈረንሻሉ ላይ በግማሽ ዙር አዙራችሁ አንዴ ሞክሩ፤ የሁለቱ ብረቶች ጥመት አንዳንዴ ይደመራል፣ አንዳንዴ ይጠፋፋል። ያም ካልሆነ ዘንጉ ሚዛን ይፈልጋል።

ሲነሳ የሚንቀጠቀጠው ካልጠፋ ደግሞ ማዕዘኑን ጠርጥሩ። ብዙ ሚኒባሶች ጭነት እንዲችሉ ባሌስትራ (የኋላውን የሚሸከም ተደራራቢ ስፕሪንግ) ይጨመርላቸዋል፤ የኋላው ከፍ ሲል የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ማዕዘን ይለወጣል፤ ያረጀ ባሌስትራ ሲሰምጥም እንዲሁ። ባሌስትራ በተነካበት ሰሞን የጀመረ መንቀጥቀጥ ከሆነ መፍትሔው ኩሽኔታ መደጋገም አይደለም፤ የባሌስትራውን ከፍታ ወይም የመያዣውን ሮንዴላ ማስተካከል ነው።

እጥበት ላይ ረዳቱ ይህን ይወቅ፦ የግፊት ውኃው አፍ በመሃሉ ኩሽኔታ ላይ በቀጥታ አይያዝ። ውኃው የኩሽኔታውን ሽፋን አልፎ ግሪሱን ያጥባል። ከታጠበ በኋላ ከሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መርጨት የተለመደ ነው፤ ለቆርቆሮው ዝገት ይከላከል ይሆናል፤ ጎሚኒውን ግን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ከብረቱ ያላቅቀዋል። የሚረጭ ከሆነ መሃሉ በፌስታል ይሸፈን። የግሪስ ጡት ያለው ክሮቼራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀባል፤ ጎርፍ ወይም ወንዝ ከተሻገረ በዚያው ሳምንት። ፓምፑ የሚቆመው አዲሱ ግሪስ ከአራቱም ኩባያ ጠርዝ ብቅ ሲል ነው። ሦስቱ አውጥተው አንዱ ካላወጣ ክሮቼራውን እያጠፋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ አሁንም ካላወጣ ያ ኩባያ ደርቋልና ቀጣዩን ክሮቼራ ከአሁኑ ግዙ።